ሚስማርና ሰባተኛው ዘፈን

ሰፈሩ ሁሉ ሚስማር ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሥራውንም ጠባዩንም አይተው ነው። ወንበርና ሶፋ ያለብሳል። ያረጀ ሶፋ ሲያመጡለት ጨርቁን ይገፍፋል፣ የሞተውን ስፖንጅ አውጥቶ ይጥላል፣ የላላውን ጠፍር ይወጥራል፣ የተኛውን ሞላ ያስነሳል። ከዚያ አዲሱን ጨርቅ ጎትቶ ጠርዙን በትንንሽ ሚስማር ይመታዋል። ሚስማሮቹን የሚያስቀምጠው ደግሞ አፉ ውስጥ ነው። አንድ ጭብጥ ወደ ጉንጩ ይወረውርና በምላሱ እያገላበጠ አንድ በአንድ በከንፈሩ መሃል ብቅ ያደርጋቸዋል። ግራ እጁ ይቀበላል፤ ቀኝ እጁ ሁለቴ ይመታል። ጠቅ፣ ጧ። የመጀመሪያው ለማስያዝ፣ ሁለተኛው ለመቅበር።

አፉ በሚስማር ሲሞላ መናገር አይችልም። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሆድ የሆዱን የሚነግረው ያን ጊዜ ነው። ሶፋው ዘገየብኝ የሚል ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ጉንጩን ያያል፤ ጉንጩ ካበጠ ይገባና እስኪወጣለት ይናገራል። ካላበጠ «እንደምን ዋልክ» ብሎ ያልፋል። ምክንያቱም የሚስማር አፍ ባዶ ከሆነ የሚወጣው ነገር ከሚስማር የባሰ ነው።

እህቱን መርፌ ይሏታል። ከእሱ በአሥር ዓመት ታንሳለች። ትዳሯ ከፈረሰ ጀምሮ የሱቁ በር አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ በእግር በምትረገጠው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ እሱ የሚመታውን ጨርቅ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ሱቁ በር ላይ ሌላ ስም ተጽፎበታል፤ ማንም አያነበውም። «ሚስማርና መርፌ ቤት ውሰደው» ይባባላሉ። ሁለቱ ጎበዝ ሠራተኞች ናቸው፤ በቀን ውስጥ የሚለዋወጡት ቃል ግን ቢለቀም አንዲት ትራስ አይሞላም። «ክር።» «እዚያ ነው።» «ጠበበ።» «አንተ ነህ የለካኸው።» በዚህ አኳኋን ስንት ዓመት ኖረዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የጥርስ ሐኪሙ የበሽተኛ መጠባበቂያ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሚስማር ጉንጩን ሞልቶ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ጎንበስ እንዳለ መርፌ መኪናዋን አቆመች።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ መጥተሽ ሥሪ ብላኛለች።»

ሴትዮዋ ማለት ከመንገዱ ማዶ መጋረጃ የምትሰፋውና የምትሸጠው ናት። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከዚህ ሱቅ ያስነጠሰ ሰው ከዚያ ሱቅ «ይማርህ» ይባላል።

ጠቅ፣ ጧ።

«መስኮቷ ሰፊ ነው። መኪናዋ በኤሌክትሪክ ነው። ይሄ የአንተ ፔዳል ጉልበቴን በላው።»

ጠቅ፣ ጧ።

«ሰኞ ጀምሪ ብላኛለች። ሰማኸኝ ወይስ ጆሮህም ሚስማር በላ?»

ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው። «ሂጃ! ማን እግርሽን ያዘው? እዚያ ሄደሽ የሰው መስኮት አልብሺ። እኔ ጨርቅ የሚሰፋ ሰው አጣለሁ?»

«አታጣም» አለች። «አንተን የሚችል ግን ታጣለህ።»

ይህን እሱም ያውቀዋል። ከእሷ በፊት የነበሩት ሰፊዎች አንዷ እያለቀሰች፣ አንዱ መቀስ ወርውሮበት ነው የሄዱት። ከዚህም በላይ፣ በራሱ አፍ አይናገረውም እንጂ፣ እሷ ከዚህ ሱቅ ከወጣች በቀን ውስጥ «ጠበበ» የሚለው ሰው አይኖረውም። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ልጅ የለውም። ያለችው ይህች ናት።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች መርፌ፤ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ሲዲ አወጣችና የስፖንጁ ክምር ላይ አስቀመጠችው።

ሚስማር ሽፋኑን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

ሽፋኑ ላይ የነበረው ሰው ጎታታው ነበር።

ሌላው ሰው ጎታታ አይለውም። ለሌላው ሰው በታክሲ፣ በፀጉር ቤት፣ በሠርግ አዳራሽ ድምፁ የማይታጣ ትልቅ ዘፋኝ ነው። ባለፈው ክረምት ሲሞት ሬዲዮው ሙሉ ቀን የእሱን ዘፈን ሲያዘንብ ውሏል። ሚስማር ያን ቀን ሬዲዮኑን ዘግቶ፣ «ሞቱ እንኳ ዘግይቶ ነው የመጣለት» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። መርፌ የሰማችውን አልረሳችም።

ነገሩ የቆየ ነው። ሚስማር በወጣትነቱ የሆቴል ባንድ ውስጥ ድራም ይመታ ነበር። ዘፋኙ ደግሞ ከፊቱ ይቆማል። የባንዱ ሥራ ሰው ማስጨፈር ነው፤ ሚስማርም ሰዓት ሠሪ ያስተካከለው የሚመስል ድራመር ነበር፤ ምቱ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ጎታታው ግን ዘፈኑ ውስጥ የሚገባው ምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ምቱ እዚህ ጋ ሲወድቅ እሱ ገና ትንፋሽ እየሳበ ነው። ቃሉን ከምቱ ጀርባ ጀርባ እንደ ልጅ ጋሪ ይጎትተዋል። ሚስማር ደሙ ይፈላል፤ ሊያስገባው ብሎ ትንሿን ከበሮ ጠንከር አድርጎ ይመታበታል። ያን ጊዜ ዘፋኙ ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንዳዞረ ግራ እጁን ወደ ጀርባው ይልክና መዳፉን ይዘረጋል፤ ጠብቀኝ ማለቱ ነው። ሕዝቡ አያየውም። የሚያየው ድራመሩ ብቻ ነው። ሚስማር ያችን መዳፍ ባየ ቁጥር እንደ ውሻ «ቁጭ በል» የተባለ ይመስለዋል፤ ይብሱን ያፈጥናል።

አንድ ምሽት ከመድረክ እንደ ወረዱ ተያያዙ። ዘፋኙ «አንተ ግድግዳ ነህ» አለ፤ ሚስማር «አንተ በሬ ነህ» አለ። በሳምንቱ ዘፋኙ ብቻውን ካሴት ሊያወጣ ከባንዱ ለቀቀ። ዘፋኝ የሌለው ባንድ የትም አልደረሰም። ሚስማር ድራሙን ሸጦ ሶፋ የሚያለብስ አጎቱ ዘንድ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው ብቻውን ከዘፈነው አንዱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ሲጀምር «ወይ አጥፋልኝ ወይ አውርደኝ» አለ፤ ሹፌሩ ስቆ አወረደው፤ በዝናብ ግማሽ መንገድ በእግሩ ሄደ። «ከእኛ ከወጣ ወዲህ አንድ ቀን ዘፍኖ አያውቅም» ይላል። «ሳትሰማ?» ሲሉት፣ «ገማ ለማለት መቅመስ አለብኝ?» ይላል።

አሁን ያ ሰው ከእነ ሽበቱ ከስፖንጁ ክምር ላይ ሆኖ ያየዋል። ስብስብ ነው። ብቻውን ከወጣ በኋላ ከሠራቸው ካሴቶች የተመረጡ አሥራ አራት ዘፈኖች።

«ከዚህ አንሺልኝ» አለ።

«አላነሳም። ትሰማዋለህ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ከዚያ ትፈርዳለህ።»

«ፈርጃለሁ።»

«ሳትሰማ የፈረድከውን ተወው። ጋሼ፣ በአንተ ጠባይ ሰፈሩ ሁሉ ይማረራል፤ በጆሮህ ግን እኔ እምላለሁ። ጓደኛህን እንኳ አሞግሰህ አታውቅም። ስለዚህ ስማና ንገረኝ። የማይረባ ከሆነ የማይረባ ነው በለኝ፤ ሴትዮዋን ይቅርብኝ እላታለሁ፤ እስክሞት ይችን ፔዳል እረግጣለሁ። የሚረባ ከሆነ ሰኞ መንገዱን ተሻግሬያለሁ።»

ሚስማር ዐይን ዐይኗን አያት። እንዲህ ያለ ውርርድ ሰምቶ አያውቅም። የሚጠላውን ሰው አይረባም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ለዚህ ደግሞ ተፈጥሯል። ምን ነካት ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም።

«አሥራ አራት ጊዜ አይረባም ማለት ነው? በዚህ ነው የምትቀሪው?»

«እውነቱን ከሆነ።»

«አስጀምሪው በይ። ገና ለምሳ ሰዓት አለን።»

«ጉንጭህን ሙላ» አለች። «ዘፈን መሃል እንዳትገባብኝ። ሲያልቅ ተፋና ተናገር።»

ሞላ። ማጫወቻው አሮጌ ነው፤ ክዳኑ በወፍራም ክር ታስሯል። መርፌ ሲዲውን አስገብታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ግን አልረገጠችም። እጆቿን ጨርቁ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ዘፈን በቫዮሊን ጎርፍ ጀመረ። ከዚያ ጎርፍ ውስጥ ዘፋኙ እንደ ዋናተኛ አንገቱን ብቅ አደረገ። ሚስማር እየመታ ሰማ። ሲያልቅ መዳፉ ላይ ተፋ።

«ስፖንጅ በዝቷል» አለ። «አጥንቱ አይታወቅም። ትቀመጪበታለሽ፤ ትሰምጫለሽ፤ መነሳት ያቅትሻል። ያለበሰው ሰው እንጨቱ ጠማማ ስለሆነ ነው ስፖንጅ ያበዛው።»

መርፌ ራሷን ነቀነቀች። ልክ ነው ማለቷ እንደሆነ ገባው፤ ደስ አለው።

ሁለተኛው የጭፈራ ነበር። «ድራመሩ ማሽን ነው። ማሽን አይሰክርም፣ አያረፍድም፣ ደመወዝ ጨምሩልኝ አይልም። ጎታታው ከሰው ጋር መስማማት ሲያቅተው ከማሽን ጋር ሄደ። ቀጥይ።»

ሦስተኛው ላይ ዘፋኙ ከፍ ብሎ ወጣና እዚያው ተንጠልጥሎ ቆየ። «ጮኸ» አለ ሚስማር። «ምን ልበልሽ፣ ጮኸ። የሚለው ሲያልቅበት ይጮሃል፤ ድሮም እንዲሁ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ ሰው ሲጮህ ካየ ያጨበጭባል።»

አራተኛው ሲያልቅ ጥቂት ዘገየ። መርፌ አየችው። እሱም እንዳየችው አየ። «ሳክስፎኑን የሚነፋው ሰው» አለ በመጨረሻ፣ «እናት የለውም? አፉን ዝጋ የሚለው ሰው የለውም?»

መርፌ ሳታስበው ሳቀችና ወዲያው ፊቷን ሰበሰበች።

አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ የተናደደው በዘፋኙ አልነበረም። አምስተኛው የልጅነት ድምፁ ነው፤ ሹል፣ ቸኳይ፣ ሚስማር የሚያውቀው። ስድስተኛው ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ የተቀዳ፤ ድምፁ ወፍሯል፣ ታችኛው በኩል እንደ አሮጌ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ሁለቱ ዝም ብለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ማነው ይሄን የደረደረው?» አለ። «አንድ ሶፋ ላይ የዛሬንና የዛሬ ሃያ ዓመትን ጨርቅ አብሮ የሚመታ ሰው አለ? ሰውዬውን ያስረጁታል፤ መልሰው ልጅ ያደርጉታል። ቆይ፣ በመሃል የት ሄዶ ነው እንዲህ የተሰነጠቀው? ያንን ማን ይንገረኝ?»

«መሃሉንማ አልሰማህም» አለች መርፌ። «ታክሲ ውስጥ ሲጫወት ወርደሃላ።»

ሚስማር ጉንጩን ሞላ።

ሰባተኛው ምንም ሳይኖረው ጀመረ። ቫዮሊን የለም፤ ሳክስፎን የለም። አንድ ጊታር አለ፤ ከኋላው ድራም አለ፤ ድራመሩ በዱላ ሳይሆን በመጥረጊያ ነው የሚመታው፣ ቤት እንደሚጠርግ ሰው ሽው፣ ሽው ያደርጋል። ግጥሙ ተራ ነው፤ ሰው ቤት ጃንጥላውን ረስቶ ስለ ወጣ ሰው ይናገራል። ልመለስ ወይስ በዝናቡ ልበስብስ እያለ መንገድ ላይ ቆሟል። ከዚህ ሌላ ነገር የለውም።

ዘፋኙ እንደ ልማዱ ዘገየ። ምቱ ወደቀ፤ እሱ የለም። ሚስማር በልቡ «ይኸው!» አለ፤ አፉ ባይሞላ ይጮህ ነበር። ግን ድራመሩ አላፈጠነም። አልጠነከረበትም። መጥረጊያውን ከበሮው ላይ ጋደም አድርጎ ቆየ። ቃሉ መጣ፤ ልክ ሰውዬው መንገድ ላይ አመንትቶ እግሩን ያነሳ ያህል መጣ፤ ከዚያ ምቱ ተቀበለው። እንደገና ዘገየ፤ እንደገና ጠበቁት። በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ፣ ምቱ ካለፈ በኋላና ቃሉ ከመምጣቱ በፊት፣ ዝናቡም ጃንጥላውም የተዘጋው በርም ነበሩ። ሰውዬው ይጎትት የነበረው ለካ ይህንን ነው። ሚስማር ከጀርባው ሆኖ ለዓመታት ያያት የነበረችው የተዘረጋች መዳፍ ትዝ አለችው። ቁጭ በል አላለችውም ነበር። እዚህ ጋ ነገር አለ፣ አትርገጥብኝ ነበር ያለችው።

ከዚያ ተቀባይዋ ገባች። አንዲት ሴት ናት። ከዘፋኙ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ክንዱን እንደያዘች ሰው፣ አብራው ትዘገያለች። ሚስማር ድምፁ ሁለት መሆኑን አወቀ፤ አንዱ ከማጫወቻው ይመጣል፤ ሌላው ከበሩ አጠገብ።

መርፌ እየዘፈነች ነበር። ቀስ ብላ፣ ዐይኗን መንገዱ ላይ ተክላ። አንዱን ቃል አልሳተችም፤ አንዱ ትንፋሽ አላመለጣትም። ይህን ዘፈን ዛሬ የሰማች ሰው እንዲህ አይዘፍንም።

ሚስማር ጉንጩ እንዳበጠ ደርቆ ቀረ፤ ብቻ እጁ አልቆመም።

እሷ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባንዱ ከተበተነ ትንሽ ቆይቶ ዘፋኙ ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣ። ለካሴቱ ተቀባይ እፈልጋለሁ፣ እህትህን ልምምድ ላይ ስትዘፍን ሰምቻታለሁ፣ ፍቀድልኝ አለ። አባት የላቸውም፤ የቤቱ አባወራ ሚስማር ነበር። በሩን ግማሽ ከፍቶ ቆሞ «የእኔ እህት የከሃዲ ተቀባይ አትሆንም» አለና ዘጋው። ዞር ሲል ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ እንደጠቀለለች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ምንም አላለችም። እሱም ምንም ስላላለች ምንም አልመሰላትም ብሎ አሰበ። በዓመቱ ባል አገባች። ባሏን እሱ ነው ያመጣላት።

ዘፈኑ አለቀ። ሚስማር የተፋቸው ሚስማሮች እርጥብ ሆነው መዳፉ ላይ ተኝተዋል።

«እሺ?» አለች መርፌ፤ አላየችውም።

«ልጨርስና ሁሉንም ባንዴ እነግርሻለሁ።»

«እስካሁን በየመሃሉ ትናገር ነበር።»

«አሁን አልናገርም! ቀጥይ!»

የቀሩትን ሰባት ዘፈኖች በጆሮው እንጂ በልቡ አልሰማቸውም። አንዱ ደካማ ነበር፤ ሁለቱ ደህና ነበሩ፤ አንዱ እንደ ሰባተኛው ሊሆን ሞክሮ ስፖንጅ በዛበት። ልቡ ግን ውርርዱ ላይ ነበር። አሁን ገባው። ይህች ሴት ዳኝነት አልጠየቀችም። ያ ሰው ብቻውን የሠራው ሥራ ገለባ ከሆነ፣ በዚያ በር ምክንያት የቀረባት ነገር የለም፤ ፔዳሏን ረግጣ በሰላም ታረጃለች። ሥራው ወርቅ ከሆነ ግን፣ ሌላ ሴት የምትዘፍነው ያ ድምፅ የእሷ ቦታ ነበር፤ ቦታውን የዘጋባት ደግሞ ከፊቷ ተቀምጦ ወንበር ይመታል። ይህን እንዲነግራት የመረጠችው ያን ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚጠላውን ዳኛ ነው። አይረባም እንዲላት። እንዲላትና እንድታምነው።

በሕይወቱ አንድ ጊዜ ውሸት የሚያስፈልግበት ቀን መጣ፤ ውሸቱም ሲናገረው የኖረው ቃል ነው። ከዚህ የቀለለ ውሸት የት ይገኛል?

አሥራ አራተኛው አለቀና ሲዲው እየተሽከረከረ ዝም አለ።

ሚስማር ጉሮሮውን ጠረገ። «አይረባም» አለ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አልኩሽ እኮ ድሮ። የተመረጠ ብለው ይሄን ካወጡ ያልተመረጠው ምን ሊመስል ነው?»

«ሰባተኛውስ?»

«የቱ ነበር እሱ? የጃንጥላው? ደባሪ ነው። ዘፈን ነው እሱ? ሰውዬው ጃንጥላውን ረሳ፤ ይመለስና ያምጣ፤ አበቃ።»

መርፌ ከመኪናዋ ተነሳች። ቀስ ብላ መጥታ ወንበሩ ፊት ቆመች፤ ጣቷን በአዲሱ ጠርዝ ላይ፣ በሚስማሮቹ ራስ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር አስኬደችው። እንዲህ የምታደርገው ጥራት ስታይ ነው።

«ጋሼ፣ መዶሻህ ጠበቀው» አለች።

«ምን?»

«ስድስቱን ዘፈን ስትመታ በራስህ ምት ነው የመታኸው። ጠቅ፣ ጧ፤ ጠቅ፣ ጧ። የፈለገው ይዝፈን፣ ግድ የለህም። ሰባተኛው ላይ ጠቅ አልክና ቆየህ። እሱ ሲገባ ጧ አልክ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲህ ነበርክ። ሰምቼሃለሁ። እኔም የገባሁት በአንተ መዶሻ ነው።»

ሚስማር መዶሻውን አየው፤ የሰው ዕቃ የያዘ ይመስል ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

«እጄ ነው» አለ። «እጅ ምን ያውቃል?»

«እጅህ ብቻ ነው አንተ ዘንድ የማይዋሸው። ያኔ አንዲት ምሽት እንዲህ ብትጠብቀው ምን ነበረበት? ምን ይጎድልብህ ነበር?»

«እሺ! ጥሩ ነው! ሰባተኛው ጥሩ ነው፤ እንከን የለውም። ይኸው አልኩልሽ። አሁንም ሰውዬውን አልወደውም፤ ከሞት ቢነሳም አልወደውም። ደስ አለሽ?»

«አላለኝም» አለች መርፌ። «አይረባም እንድትለኝ ነበር የፈለግሁት። ከልብህ።»

«አልኩሽ እኮ!»

«ከልብህ!»

ከመንገዱ ማዶ ሴትዮዋ መጋረጃ እንደያዘች አንገቷን ብቅ አደረገች። ሚስማር «ምን ታያለሽ? መስኮትሽን አልብሺ!» ብሎ ጮኸባት፤ ገባች።

«አንቺስ» አለ ወደ እህቱ ዞሮ፤ መልስ ሲያጣ የሚሰድበው ሰው አይመርጥም። «አንቺስ አፍ አልነበረሽም? ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ የለም እንዴ? እሄዳለሁ ብትዪ እገልሽ ነበር? ስንት ዓመት ዝም ብለሽ ዛሬ በሲዲ ትከሺኛለሽ?»

መርፌ አፉን፣ ከንፈሩን፣ ያን በሚስማር የጠቆረ ጥርሱን እያየች፣

«አፌ ውስጥ ሚስማር የጨመርክብኝ አንተ ነህ» አለች። «አንተ ትተፋዋለህ። እኔ ውጬዋለሁ።»

መቀሷን አነሳች፤ የራሷ ናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደተሰቀለ ተወችው። የጀመረችውን የወንበር ልብስ ከመኪናው ላይ አውጥታ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ አጥፋ አስቀመጠችው። ሰኞንም አልጠበቀችም። መንገዱን ስትሻገር አንድ ብስክሌት ሊገጫት ነበር፤ ብስክሌተኛው ላይ የጮኸችው ነገር ሚስማር ከአፏ ሰምቶት የማያውቀው ስድብ ነበር።

ሲዲውን አልወሰደችም። ረስታው ይሁን ትታው፣ እሱ አላወቀም። ልመለስ ብላ እንዳልቆመች ብቻ አየ።

ከሐኪሙ ወንበሮች ልብስ የቀረውን ሚስማር ራሱ ሰፋው። ፔዳሉን ሲረግጥ መኪናዋ ወደ ኋላ ትሄድበታለች፤ ስፌቱ የሰከረ ሰው መንገድ መሰለ። ሐኪሙ መጥቶ አየና «እህትህ የለችም?» አለ።

«አለች» አለ ሚስማር በአገጩ ወደ ማዶ እያሳየ። «ምነው፣ ጥርስ የሚነቅሉት ወንበሩን እያዩ ነው?»

ሐኪሙ ጉንጩን ሳያይ በመግባቱ ተጸጸተ።

ሲዲውን ለመጣል ሁለት ጊዜ አነሳው። በሦስተኛው ማጫወቻው ውስጥ ከተተው። ለራሱ የሰጠው ምክንያት እንከን ለመፈለግ ነው የሚል ነበር፤ ሰባተኛው ላይ የሆነ ቦታ እንከን መኖር አለበት፤ ሰው የሠራው ነገር ሁሉ የተደበቀ ስፌት አለው። ድምፁን ከፍ አደረገው፤ እንከን የሚሰማው ከፍ ሲል ነው።

ከማዶ የመርፌ ድምፅ መጣ። «ቀንሰው!»

አልቀነሰውም።

«ቀንሰው አልኩህ! ሰው ይሠራል እዚህ!»

«ይልቅ መስኮትሽን ዝጊ!» አለ፤ ይህን ለማለት አንድ ጉንጭ ሙሉ ሚስማር ተፋ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ሆነ ልማዳቸው። ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፤ ማጫወቻውን ያስነሳል፤ ቫዮሊኑ ጎርፉን ሲለቅ ከማዶ «ጀመረው ደግሞ!» ይባላል። ማሽኑ ሲመታ «ቀንሰው!»፤ ጩኸቱ ሲመጣ «አንተ ሰውዬ ቀንሰው!»፤ ሳክስፎኑ ሲነፋ ሴትዮዋ ራሷ ወጥታ «ስለ እግዜር!» ትላለች። ሚስማር ጉንጩን ሞልቶ ይመታል። ሰላምታ የለም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ መርፌ ወደ ግድግዳው ታያለች፤ እሱም እንዲሁ።

ስድስተኛው አልቆ ሰባተኛው ሲገባ ግን የሚጮህ የለም። የኤሌክትሪክ መኪናዋ ድርር ማለቷን ታቆማለች። ሚስማር መዶሻውን ጠቅ ያደርግና ይጠብቃል። እጁን አሁን ያውቀዋል፤ ሆን ብሎ ነው የሚጠብቀው። ዘፋኙ ትንፋሹን ስቦ ይገባል። ጧ። ተቀባይዋ ትገባለች። አንድ ትሁን ሁለት ለመለየት ጆሮውን ያቆማል፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግን ታክሲ ያልፋል፣ ሰው ያወራል፣ ጊታሩ ራሱ ይሸፍናል። ለይቶ አያውቅም። በር ድረስ ሄዶ ለመስማት ደግሞ ወንበሩን መተው፣ ምቱንም ማቋረጥ አለበት። አያቋርጥም።

ዘፈኑ ያልቃል። ከማዶ መኪናዋ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ተቆጣ ሰው፣ ድርርር ትላለች፤ ስምንተኛውም ገና ሳይጀምር ድምፅዋ መንገዱን ይሻገራል፤

«ቀንሰው አንተ ግድግዳ!»